ከድጃን ከኋላ አትግፏት

የቅሬያችን ለፋፊ ጠዋት መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ምስኪኗ ከድጃ፣ ልብስ ሰፊዋ ከድጃ፣ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ አርፋለች! ቅሬተኛ የሆንክ ሁሉ ከዙሁር በኋላ ለዱዓ ተሰብሰብ!» ብሎ ሲጮህ፣ እኔ የፓስቲ ሊጥ እየዳመጥኩ ነበር። ሞቷን አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ልጇ ሰዓዳ ደውላ ነግራኛለች፤ ያለችኝን መጨረሻ ላይ አወራችኋለሁ። ያናደደኝ ለቅሶው አይደለም። «ምስኪኗ» የሚለው ነው።

ሊጡን ጥዬ ወጣሁ።

«አንተ፣ ምስኪን የሚለውን ማን ጨምር አለህ?»

«ምን ልበል ታዲያ የሺ? እግር የሌላት ሴት አይደለች?»

«ሦስት ጎማ ነበራት። ደግመህ ምስኪን ብትል ይሄን ዘይት ነው የምደፋብህ።»

«እሺ፣ እሺ» አለና ሄደ። የሽንኩርት ተራው ጥግ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምስኪኗ ከድጃ!» ሲል ሰማሁት።

ይሄ ነው እንግዲህ። ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ተናግሮ፣ ጮሆ፣ በማስመሪያ ሰው መትቶ፣ ሲሞት ያንኑ የሚጠላውን ይሉታል። ስለዚህ እኔ እንደማውቃት ልጻፋት ብዬ ተነሳሁ። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም፤ ፊደሉን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው ያገኘሁት። ቃል ብስት ይቅር በሉኝ።

የከድጃ እግሮች በልጅነቷ በበሽታ ቀጥነው ቀርተዋል። እንዴት እንደሆነ የሚጠይቃትን ሰው «ያንተስ ፀጉር እንዴት አለቀ?» ትለዋለች፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። ሱቋ ከእኔ ሻይ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ስፌት መኪናዋ በእጅ የሚዞር የድሮ ነው፤ ስታዞረው ግድግዳው ይንቀጠቀጥና የእኔ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ሜትር ከአንገቷ፣ የእንጨት ማስመሪያ ከእጇ አይለይም። የሚያልፈውን ሁሉ በዓይኗ ትለካለች። የሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች ከመኪና ሲወርዱ «አንተ ወገብህ ሰፍቷል፣ ያንን ሱሪ አምጣውና ልልቀቅልህ» ብላ በሰው ፊት ታዋርዳቸዋለች። እነሱም ያመጡታል።

የምትሄድበት ደግሞ የታወቀው «የከድጃ ባጃጅ» ነው። ወልድያ ያለ በያጅ ከሳይክል ጎማና ከትምህርት ቤት ወንበር የሠራላት፣ ከኋላ ሁለት፣ ከፊት አንድ ጎማ ያለው ጋሪ። ፔዳሉ እጇ ላይ ነው። በእጇ ታዞረዋለች፤ ሰንሰለቱ የፊቱን ጎማ ይጎትታል፤ ትሄዳለች። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የማወራው ሁሉ በዚህ ላይ ነው ያለው። በያጁ ፔዳሉን ከጎማው ጋር አንድ ላይ አስሮታል። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል፣ እምቢ ማለት የለም። ስለዚህ ሰው ከኋላ ሲገፋት ጎማው ይፈጥናል፣ ፔዳሎቹ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራሉ፣ የከድጃን ጣቶች ቀጭ ቀጭ ያደርጓቸዋል።

መርሳ ደግሞ ደግ አገር ናት። አስፋልቱ ዳገት ሲሆን ከድጃን ያየ ሁሉ ሮጦ ከኋላ ይገፋል። ሳይጠይቅ! መጠየቅ ደግነትን የሚያሳንስ ይመስለዋል። ከድጃ «አትግፋኝ!» ብላ ስትጮህ «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ምንም አይከብደኝም» እያለ ይብስ ይገፋታል። ለእሱ መክበድ አለመክበዱን የጠየቀው የለም።

አንድ ቀን የቀኝ እጇን ጣቶች በእኔ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠባሳዎቿን ቆጠረችልኝ።

«ይቺ የሐጂ እንድሪስ ደግነት ናት። ይቺ ከወልድያ ለገበያ የመጡ ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስት ሆነው ነው የገፉኝ። ይቺ የባልሽ ናት፤ ሰላም በይልኝ።»

«ታዲያ ለምን ቁጭ አድርገሽ አታስረጃቸውም?»

«አስረድቻለሁ። ‹አይ ከድጃ፣ ሰው ላለማስቸገር ብላ ነው እንጂ› ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማስመሪያ የያዝኩት።»

ከቅሬውም ጋር እንዲሁ ነበረች። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ አዝነውላት «አንቺን ከመዋጮም ከሥራም ምረንሻል» አሏት። በመላ መርሳ ያስመሰገናቸው ነገር ነው። ከድጃ ግን ስብሰባው መሃል ጋሪዋን አስገብታ «ስሞት በነፃ ልትቀብሩኝ ነው? እኔ ለማኝ ሆኜ ጉድጓድ አልገባም» አለቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ ለአላህ ብለን ነው» አሉ። «እርስዎ ለአላህ ሲሉ እኔን ከሰው ቁጥር አወጡኝ» አለቻቸው። በመጨረሻ የቅሬው ድንኳን ተቀዶ ነበርና እሱን ስፊ ተባለች። ያንን ሸራ የሚያህል ነገር በእጅ መኪና መስፋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው ሬሳውን ሳይሆን ስፌቱን ነበር።

እንዲህ ሆነን እያለን ነው ጦርነቱ የመጣብን።

በመጀመሪያው ክረምት ከቆቦና ከወልድያ የሚሸሸው ሰው ፍራሽና ሕፃን ተሸክሞ በመርሳ ያልፍ ጀመር። ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። የመጨረሻዎቹ አውቶቡሶች ሲንቀሳቀሱ ከድጃን አሳፈርናት። ረዳቱ ግን ጋሪውን ሲያይ በሩን ያዘ።

«ሴትዮዋን እንጂ ብረቱን አልጭንም። እሱ በሚይዘው ቦታ አራት ሰው ይቆማል።»

ከድጃ ሰደበችው፣ ለመነችው፣ ደግማ ሰደበችው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብላ የሚጋፋውን ሰው አየች፤ ልጅ ያዘሉ ሴቶች አሉበት። «እውነቱን ነው፣ አራት ሰው ይቆማል» አለችና ልውረድ አለች። ለመንናት። «ያለ ጋሪዬ ደሴ ደርሼ ምን ልሁን? ያስቀመጡኝ ቦታ የምቀር ዕቃ?» አለች። ወረደች። አውቶቡሱ ሄደ። እኔም ልጆቼን ይዤ በጭነት መኪና ወጣሁ፤ እሷ ቀረች።

ወራት አልፎ ስንመለስ የእኔ ሻይ ቤት በሩም የለ፣ ብርጭቆውም የለ። ከድጃ ግን ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣለች፤ የጋሪዋ አንድ ጎማ ተጣሟል። ታጣቂዎቹ እንደገቡ ዱቄት ልናመላልስበት ብለው ጋሪውን ወስደውባት ነበር። እሷ በእጇ እየተሳበች፣ በዚያ ጭቃ፣ ከመናኸሪያው አለቃቸው እስካለበት ግቢ ሄደች። ዘበኛው በመሣሪያው አፈሙዝ «ወዴት?» አላት።

«እግሬን ልወስድ» አለችው።

«ምን ተፈጠረ ከዚያ?» አልኳት።

«አለቃው ወጣ። ጭቃዬን አየ። ጋሪውን መልሱላት አለ። ጎማውን አጣምመው መለሱልኝ። ‹አመሰግናለሁ› አልኩ። ምላሴ ነው ያለው የሺ፣ እኔ አላልኩም።»

ታዲያ በዓመቱ ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ላይ እንደገና ሲነሳና ሰው እንደገና ፍራሽ ማሰር ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ ልጇ ሰዓዳ «እናቴን ሁለተኛ አላስበላም» ብላ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠች። ከድጃ የተስማማችው በአንድ ነገር ነው፤ ባጃጇ አብሯት እንዲበር። ሰዓዳ ጠይቃ «ዊልቸር በነፃ ነው የሚጫነው፣ ከመንገደኛ ጋር ይሄዳል ብለውኛል» አለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

የማውቀው የአይሱዙ ሾፌር ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን ወደ ደቡብ ይመለስ ነበርና ጫነን። ከድጃ ከፊት፣ እኔ በእሷና በበሩ መሃል፣ ባጃጁ ከኋላ በገመድ ታስሮ። መንገዱን ሙሉ አጎንብሰው የሚሄዱ ሰዎች አለፍን። ከድጃ አልለካቻቸውም።

ከደሴ ወዲያ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ደርሰን፣ ገና ጋሪዋ ላይ ስትደላደል፣ የሚያብለጨልጭ ሰደርያ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ሮጦ መጣ። ሮጦ ሲመጣ ሳየው ልቤ ደነገጠ።

«እኔ ላግዝ፣ እኔ ላግዝ!»

«አትግፋ—» አልኩ። ገፋት። ፔዳሎቹ ተሽከረከሩ፣ ጣቷን ቀጭ አደረጓት፤ ከድጃ ዞር ብላ በማስመሪያዋ እጁን አቀመሰችው።

«እንዴ ሴትዮ! አቅመ ደካማ መርዳት እኮ ሥራዬ ነው!»

«የእኔም ሥራ መስፋት ነው። ሳልጠይቅህ ሱሪህን አውልቄ ልስፋልህ?»

ሰልፈኛው በጦርነት መሃል ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም። እጁን እያሻሸ ጣቷን አየ፣ ፔዳሉን አየ፣ እንደገና ጣቷን አየ።

ውስጥ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትኬቱን ተቀብላ ቀና አለችና ጠየቀች፤ እኔን።

«እሳቸው መራመድ ይችላሉ?»

«እሷን ጠይቂያት» አልኳት።

«ማለቴ፣ አውሮፕላኑ ደረጃ ስላለው፣ እሳቸው ደረጃ መውጣት ይችላሉ ወይ?» አሁንም እኔን ነው የምታየው። ከድጃ ከመስኮቱ በታች ስለሆነች ልጅቷ የምታየው የሻሿን ጫፍ ብቻ ነበር።

«እሳቸው አይችሉም» አለ ሻሹ። «እሳቸው መስማት ግን ይችላሉ።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ይሄን ደጋግሜ ብያለሁ። ክፉ ብትሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ መጣ። እርዳታ የሚፈልግ መንገደኛ ትኬት ሲቆረጥ መመዝገብ አለበት፤ ትኬቱ ላይ የለም። የቆረጠችው ልጃቸው ትደውልና ታረጋግጥ፤ ስልክ የለም። የማረፊያው ዊልቸሮችስ? አንዱ ጎማው ተንፍሶ ግድግዳ ተደግፏል፣ ሌላው ቁስለኛ ይዞ ሄዷል። አጃቢ አላቸው?

«አጃቢዋ አንቺ ነሽ?»

«ጎረቤቷ ነኝ።»

«አብረሻት ትበሪያለሽ?»

«እኔ? ፓስቲ የሚገዛኝ ሰማይ ላይ አለ እንዴ?»

«አጃቢ የሚያሻው ለማን ነው?» አለች ከድጃ። «ያንን ሁሉ ወር መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ብቻዬን ከርሜያለሁ። ተቀምጬ ለመሄድ አጃቢ?»

ልጅቷ እሺ ብላ አለፈችው። ቅጽ ሞላች፣ ማህተም መታች። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ እኔ ክርስቲያኗ፤ ከከድጃ የለመድኩት ነው። ያኔ ነው ባጃጁን ያየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዊልቸሯ ነው» አልኩ።

«ይሄማ ሳይክል ነው።»

አለቃዋን ጠራችው። ክራቫት ያሰረ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰውዬ ነው፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቷል። ባጃጁን ዞሮ አየውና «ሳይክል ጭነት ነው። ዛሬ ጭነት አንቀበልም፤ ሰውም አልተቻለ። እሳቸው ይሂዱ፣ ይሄ ይቅር» አለ። ይሄንንም የነገረው ለእኔ ነው።

ከድጃ ማስመሪያዋን መስኮቱ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያት።

«ሳይክልና ዊልቸር በምንድን ነው የሚለየው?»

«ይሄ ፔዳልና ሰንሰለት አለው እናቴ።»

«ማለት፣ ራሴ የምነዳው ከሆነ ሳይክል ነው። ሌላ ሰው የሚገፋኝ ከሆነ ዊልቸር ነው። እንደዚያ ነው?»

ሰውየው አሰበ። ማሰቡን አይቻለሁ፤ ሊዋሽ አልፈለገም።

«እንደዚያ ነው» አለ።

ምን ትሉታላችሁ? እኔ «ተዪው ከድጃ፣ ተዪውና ሂጂ! እኔ አስቀምጥልሻለሁ!» እያልኩ ጮህኩ። ተመልሳ መርሳ ብትገባ የሚጠብቃትን ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ባጃጇን አየችው። አውቶቡሱ በር ላይ እንዳየችው ዓይነት አየችው፤ ዘንድሮ ግን ልውረድ አላለችም።

«መፍቻውን ከመቀመጫዬ ሥር አውጪልኝ» አለች።

እዚያው መሬት ላይ ወረደች። በሰው ሁሉ ፊት፣ ሻንጣ በሚመዘንበት አጠገብ፣ የፊቱን ጎማ ቡሎኖች መፍታት ጀመረች። አንዱ ቡሎን ታጣቂዎቹ ያጣመሙት ነበርና እምቢ አለ። ሰደርያ የለበሰው ሰውዬ ቀስ ብሎ መጣና ከጎኗ በርከክ አለ። እጁን አልዘረጋም።

«የቱ ጋ ልያዝ?» አላት።

ከድጃ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እዚህ ያዝ» አለችው። «አጥብቀህ።»

ፈቱት። ፊት ጎማው፣ ፔዳሉ፣ ሰንሰለቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ከነሹካው ወጣ። የቀረው ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው ወንበር ነው። ሰው ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ እንደ ጭነት ጋሪ ካልገፋው፣ ፊት ለፊት ይደፋል። ከድጃ ወንበሩ ላይ ወጣችና ግሪስ የነካው እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«አሁንስ ምንድን ነው?» አለችው አለቃውን።

«አሁን… ዊልቸር ነው።»

«እንግዲህ ተመቻችሁ። አሁን ደግነታችሁ እንደ ልቡ ይግፋኝ።»

ፊት ጎማውን እኔ አቀፍኩት። ግሪሱ ቀሚሴን አበላሸው። «አደራ የሺ፣ መንገዱ ሲከፈት ላኪልኝ» አለች፤ መፍቻውን ግን አልሰጠችኝም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ አላስገቡኝም። በአጥሩ በኩል ሳይ፣ ሰደርያ የለበሰው ሰውዬ ከደረጃው ሥር አቆማት፣ ተንበረከከ፣ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ በማስመሪያዋ ብብቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን ነካ ነካ አድርጋ አሳየችው። እንዳሳየችው አድርጎ አንስቷት ወጣ። ከዚያ ቀን ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነው።

ሰው አሁን «ተርፋለች፣ ምን ያናድድሻል?» ይለኛል። ያናድደኛል! ያንን ጎማ ከሻይ ቤቴ በር ጀርባ አቁሜ ከረምኩ። ውጊያው ቆሞ መንገድ ሲከፈት መናኸሪያው እግሬ ሥር ነው፣ ረዳቶቹ ሁሉ ሻይ የሚጠጡት እኔ ጋ ነው፤ አንዱም አልወስድም አለ። «የሺ፣ ኬላ ላይ ብረት ካዩ ያወርዱናል።» «የሺ፣ ይሄን ነገር የምን አካል ነው ልበላቸው?» ከድጃ ስትደውል ከሰላምታ በፊት «ጎማዬስ?» ትላለች። ቀጥሎ «ጎማዬን አሁንም የሚወስደው አጣሽ?» ማለት ጀመረች። ከዚያ ስለ ጎማው መጠየቅ ተወች። «ደህና ነሽ የሺ?» ብቻ። ይሄኛው ነው የባሰብኝ። ሻይ ቤቴን ዘጋሁና ጎማውን ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ኬላ ላይ ወታደሩ «ይሄ ምንድን ነው እናት?» አለኝ።

«የሰው እግር ነው።»

ሳቀና አሳለፈኝ።

ሰዓዳ ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታለች። ደግ ልጅ ናት፤ ለእናቷ የማትሆነው የለም። ጠዋት ፀሐይ ታወጣታለች፣ ሲሞቅ ወደ ጥላ ትመልሳታለች፣ ማታ ታስገባታለች። «እማዬ አትድከሚ» ትላለች በየአፍታው። ከድጃ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ወፈር ብላለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ የለም። ስታቅፈኝ እጇን ያዝኩና አየሁት፤ ጣቶቿ ድነዋል። ጠባሳው ነጥቶ፣ ቆዳው ለስልሶ፣ የሌላ ሴት እጅ መስሏል። እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንሽ?» አለች።

«እጅሽ አማረ» አልኳት።

«አዎ» አለች። «የሚያደማኝ ጠፋ።»

መፍቻውን ከትራሷ ሥር አወጣችው። እኔ «የቱ ጋ ልያዝ?» ስላት እንደ ድሮዋ በማስመሪያ እጄን መታ አድርጋ «እዚህ» አለች። ሰዓዳ «እማዬ፣ መንገዱ እኮ መኪና ነው፣ ሰው ነው፣ እኔ ልግፋሽ» እያለች ዙሪያዋን ትዞራለች። ከድጃ ቡሎኑን አጥብቃ ጨርሳ ቀና አለች።

«ሰዓዳዬ፣ በር ክፈቺልኝ። በር መክፈት ይበቃል።»

ከግቢው ወጥታ ወደ አስፋልቱ ነዳችው። እኔ ከኋላ እጆቼን ጀርባዬ ላይ አጣምሬ ቆምኩ። ዳገት ነው። ስትንገዳገድ አየሁ፣ እጄ ራሱ ሊሮጥ ሲል ያዝኩት። አንዴ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ እንደገና ዞረ ጎማው። አንድ አላፊ መንገደኛ አያትና ሮጠ፤ ከሩቅ «አይዞሽ እናቴ!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ የማስመሪያው ድምፅ መጣ።

ከሰዓት ስትመለስ ጣቷ ደም ነበረበት። እንደ ቀለበት ዘርግታ አሳየችኝ።

«ይቺ» አለች፣ «የኮልፌ ደግነት ናት።»

መጨረሻ ላይ አወራችኋለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ሰዓዳ እያለቀሰች ደውላ፣ ትኩሳት ጥሏት በአጭር ጊዜ እንዳረፈች፣ እዚያው እንደቀበሯት ነገረችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ሲያጥቧት ሴቶቹ ‹ይሄ ምንድን ነው፣ ማን መታት?› ብለው ጠየቁኝ። ጣቷ ላይ ገና ያልደረቀ ቁስል ነበረ። አፈርኩ። ምን ልበላቸው?»

ስልኩን ይዤ ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ ያንን የጋራ ግድግዳችንን። «እሰይ» አልኩ። ልጅቷ ደነገጠች መሰለኝ፤ ሐዘንተኛ ሲደውል እሰይ አይባልም። እኔ ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እያለቀስኩ ደግሜ «እሰይ፣ እሰይ» አልኳት።